ሞልተሽ አምጪልኝ

አባቴ እግዚአብሔርን የሚፈራው በእጆቹ ነበር። ሌላው ሰው በአፉ ይፈራል፤ ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «እሱ ያውቃል» ይላል፣ ዞር ሲል ደግሞ ጎረቤቱን ያማል። አባቴ ስለ እግዚአብሔር ብዙ አያወራም። ማታ ከራት በፊት ለጸሎት ስንቆም ግን እጆቹን ከፍ አድርጎ ይዘረጋል፣ እጆቹም ይንቀጠቀጣሉ። እኔ ያኔ የወተት ጥርሴን ነቅዬ ያልጨረስኩ ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ በላይ ማስረጃ አልፈለግሁም።

ፀጉር አስተካካይ ነበር። የቤታችን የመንገድ ዳሯ ክፍል ሱቁ ነች፤ ቆዳው የተሰነጠቀ አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ጥጉ የወየበ ትልቅ መስታወት፣ ተራ ጠባቂዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ። እናቴ ልብስ ፋብሪካ ስለምትሠራ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ውሎዬ አግዳሚው ላይ ነው፤ እግሬ መሬት አይደርስም፣ እያወዛወዝኩት የሰው ወሬ እሰማለሁ። የሳሙናና የአልኮል ሽታ ዛሬም ድረስ ለእኔ የአባቴ ሽታ ነው።

መቀስ የያዘ ጊዜ አባቴ እንደማንኛውም ፀጉር ቆራጭ ነው። ያወራል፣ ይቀልዳል፣ የሰውን ጭንቅላት ወዲያና ወዲህ እያዞረ ስለ ኳስም ስለ ኑሮ ውድነትም ይከራከራል። ምላጭ ሲያነሣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ደንበኛውን ወደ ኋላ ያስተኛዋል፣ አረፋውን በብሩሽ አገጩና ጉሮሮው ላይ ይቀባዋል፣ ከዚያ ግራ እጁን ግንባሩ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ይጨፍናል። «እጄን ያዝልኝ» ይላል ቀስ ብሎ። ይህን ሳይል አንድም ቀን ምላጭ የሰው አንገት ላይ ሲያሳርፍ አላየሁትም።

ለምን እንደሚል አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ምላጩን መሳያው ቆዳ ላይ እየሳለ ነበር። ሰው አንገቱን አምኖ ሲሰጥሽ እግዚአብሔር እጅሽን ነው የሚያየው አለኝ፤ እሱን የማይፈራ ሰው መቀስ ይያዝ እንጂ ምላጭ አይንካ። እንዲህ ሲለኝ አልተቆጣም፣ አላስፈራራኝምም። ደስ ብሎት ነበር የሚናገረው፣ ስለሚወደው ሰው እንደሚያወራ።

ከደንበኞቹ መካከል ሰፈሩ ሁሉ ቶሎቶሎ የሚለው የታክሲ ሹፌር ነበር። ቶሎቶሎ ሞተሩን ሳያጠፋ ገብቶ ጢሙን ሊላጭ የሚፈልግ ሰው ነው። አባቴ ዓይኑን ሲጨፍን እሱ ከአረፋው ሥር ይነጫነጫል፤ አንተ ሰውዬ፣ የምትጸልየው ለእኔ ነው ለራስህ ይለዋል። አባቴም ዓይኑን ሳይገልጥ «ለምላጩ» ይለዋል። ሁልጊዜ ያችኑ ቀልድ ይቀልዳሉ፣ ሁልጊዜም አዲስ እንደሆነች ይስቃሉ።

አንድ እሑድ ሰባኪያችን በእግዚአብሔር ፊት የሚቆም ሰው በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ ሊቆም ይገባዋል ብሎ አስተማረ። እኔ ወዲያው ዙሪያዬን ቃኘሁ። የሚንቀጠቀጥ ሰው የለም። ከፊታችን የነበሩት ሴትዮ ጥፍራቸውን ይፈትሻሉ፣ ባላቸው ተኝተዋል። ወደ አባቴ ዞር ስል ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፤ በግራው ጭምቅ አድርጎ ሊሸፍነው ይታገላል። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል የእኔ አባት ብቻ! እሱንም ሰው እንዳያይበት ይደብቃል፤ ትሕትና ማለት ይኸው ነው አልኩ በሆዴ።

ዛሬ ያን እጅ ሳስታውሰው ሌላ ነገር ነው የማየው። በሽታ ነበር። መጀመሪያ እጅን፣ ቀጥሎ እግርን፣ ኋላም መዋጥን የሚነሣ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ። አባቴ ምን እንደያዘው ያውቅ ነበር፤ የገዛ አባቱን አስታሞ ቀብሯል። እኔ ግን ይህን ሁሉ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ከእናቴ ነው። ያኔ ቤታችን ውስጥ የበሽታው ስም አይጠራም ነበር። «ያ ነገር» ነበር የሚባለው።

ምላጩን ያስቀመጠ ዕለት እዚያው ነበርኩ። ቶሎቶሎ ተጋድሟል፣ አገጩ በአረፋ ተሸፍኗል። አባቴ እጁን ግንባሩ ላይ አሳርፎ «እጄን ያዝልኝ» አለ። ከዚያ ምላጩን አነሣ፤ አነሣውና አየር ላይ ቆመ። ስለቱ በመስኮቱ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ይላል። እንደገና «እጄን ያዝልኝ» አለ። ሁለት ጊዜ ሲል ሰምቼው ስለማላውቅ እግሬን ማወዛወዝ አቆምኩ። ቶሎቶሎ አንድ ዓይኑን ገለጠ፣ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። አባቴ ምላጩን አጠፈው፣ ፎጣ አነሣና የሰውየውን ፊት በጥንቃቄ፣ እንደ ሕፃን ፊት፣ ከአረፋው አጸዳው።

«ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ» አለው። «ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ጋ ተላጭ።»

«ኧረ ምን ሆነህ ነው? ትንሽ ብትቆርጠኝስ ምን አለበት፣ እሞታለሁ?»

«እግዚአብሔርን እፈራለሁ» አለ አባቴ።

ቶሎቶሎ ተነሣ። የሚቸኩለው ሰው መኪናው ውጭ እያጓራ አባቴን አቅፎ ቆመ፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም። እኔ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ምን እንዲህ እንዳስተቃቀፋቸው አልገባኝም። የገባኝ አባቴ ፍርሃቱ ከመጠን አልፎ ምላጭ እንኳ መያዝ ወደማይችልበት ደረጃ መድረሱ ነው። እድገት ያገኘ ነበር የመሰለኝ። ምላጩን በነጭ ፎጣ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ሲከተው እኔ ወለሉን እየጠረግሁ አንጎራጉር ነበር።

በዚያው ሰሞን አክስቴ መጣች። የአባቴ ታላቅ እህት ነች፤ ስትመጣ ቤቱ በድምፅ ይሞላል፣ ያን ቀን ግን ከእናቴ ጋር ወጥ ቤት ገብተው በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት። ሽንኩርት ይከትፋሉ። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ እኔ ከሽንኩርቱ ነው ብዬ በሩ ሥር ተቀምጬ አሻንጉሊቴን አለብሳለሁ። «ልክ እንደ አባባ ነው፣ አባባንም በእጁ ነው የጀመረው» አለች አክስቴ። እናቴ በዘር የሚሄድ ነው አይደል ብላ ጠየቀች። «አዎ፤ እኔን አልፎኛል፣ እሱን አገኘው» አለች አክስቴ።

«ልጄንስ?» አለች እናቴ።

«ክፉ አታሟርቺ። ሊደርስባትም ላይደርስባትም ይችላል።»

አሻንጉሊቴ ከእጄ ወደቀች። ላይደርስብኝም ይችላል? አያቴ እግዚአብሔርን ይፈራ ነበር፣ አባቴ ይፈራል፣ አክስቴን ግን አልፏታል፤ ለዚህ ነው እንግዲህ እንደዚያ እየጮኸች የምታወራው። እኔንስ ቢያልፈኝ? አልጋዬ ላይ ሆኜ እጄን ወደ ጣሪያው ዘርግቼ ጠበቅሁ። ዝንፍ አይልም። በሕይወቴ እንደዚያ ያዘንኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ አባቴ በሌለሁበት መንግሥተ ሰማያት ሲገባ ታየኝ።

ስለዚህ ነገሩን ላግዘው ወሰንኩ። አባቴ ለምሳ ወደ ውስጥ ሲገባ መስታወቱ ፊት ወንበሩ ላይ ወጥቼ ተለማመድኩ። መጀመሪያ ዝንብ የማባርር ነበር የምመስለው። ቀስ በቀስ ግን ምስጢሩ ገባኝ፤ ክንዴን ድርቅ አድርጌ ጣቶቼን ብቻ ስለቃቸው ልክ እንደ እሱ ይሆናሉ። የቀኙ ከግራው ይበልጣል፣ አውራ ጣት ትንሽ ወደ ውስጥ ትታጠፋለች። እሱን አጥንቼዋለሁ፤ ከሐኪሞቹ በላይ ሳላውቀው አልቀርም።

አንድ ማታ ለጸሎት ቆምን። እናቴ ስትጸልይ ዓይኗን ጥርቅም አድርጋ ነው የምትጨፍነው፣ ቀኑን ሙሉ ከልብስ ስፌት መኪና ጋር ስለሚውል ዓይኗ ዕረፍት የሚያገኘው ያኔ ነው። አባቴ ለእንጀራችን፣ ለጤናችን፣ ለዋልንበት ቀን አመሰገነ። ለራሱ ሲለምን ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ጊዜ እንኳ፣ እጁ እንደዚያ እየሆነ፣ ያመሰግን ነበር። እኔም እጆቼን ዘርግቼ ማንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ቀኙን ከግራው አስበልጬ፣ አውራ ጣቴን አጥፌ። በጣም ጥሩ ነበር።

የአባቴ ድምፅ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ተቋረጠ። እናቴ ያለቀ መስሏት አሜን አለችና ወጥ ልታወጣ ሄደች። እኔ አጮልቄ አየሁ። አባቴ ዓይኑን አፍጥጦ እጆቼን ያያል። ፊቱ የሳሙና አረፋ መስሏል። ከዚያ ተንበረከከና ሁለት እጆቼን በሁለት እጆቹ ይዞ፣ አንዷን ጣት ሳይዘል፣ ሳማቸው። ጉንጩ ርጥብ ነበር። ያን ማታ ምግብ አልቀመሰም። እኔ ግን እጥፍ አድርጌ በላሁ፤ አባቴን እንደዚያ አስደስቼው አላውቅማ።

በማግስቱ ውሃ አምጪልኝ አለኝ። የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ደንበኛ እየሳሳ ሄዶ ወንበሩ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ብርጭቆውን ግማሽ ድረስ ቀድቼ ስመጣ መለሰኝ።

«ሞልተሽ አምጪልኝ የኔ እመቤት። እስከ አፉ።»

እስከ አፉ ሞልቼ ከወጥ ቤቱ በር ስወጣ ዓይኑ ፊቴ ላይ አልነበረም። እጄ ላይ ነበር። አባቴ እግዚአብሔር የሚያየው እጅን ነው ብሎኛል፤ እንግዲህ እየፈተነኝ ነው። ፈተናውን ለማለፍ ደግሞ ተዘጋጅቻለሁ። እያንቀጠቀጥኩ መጣሁ። ውሃው በጣቶቼ መሐል፣ በቀሚሴ፣ በጫማዬ ላይ ፈሰሰ፤ እሱ ጋ ስደርስ ግማሹ የለም። ይበቃል አለኝ፣ ይበቃል የኔ ልጅ። ከወንበሩ ወርዶ ወለሉን ራሱ ወለወለው። ለእናትሽ አትንገሪያት፣ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር አለኝ። ከአባቴ ጋር ምስጢር አለኝ ብዬ ትምህርት ቤት ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ እየተንጠባረርኩ ዋልኩ።

ውሃው ሌላም ቀን፣ ሌላም ቀን ቀጠለ። ሁልጊዜ ሞልተሽ፣ ሁልጊዜ ቀስ ብለሽ። አሁን ሳስበው እያንዳንዱን ብርጭቆ የጠየቀኝ ዛሬስ ባትደፋው ብሎ ነበር። እኔ ደግሞ ከትናንቱ አስበልጬ እደፋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጸሎቱን እናቴ ትመራ ጀመር። አባቴ አጠገባችን ይቆማል፣ ግን እጁን አይዘረጋም፣ አፉንም አይከፍትም፣ ዓይኑንም አይጨፍንም። እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን እኔና እናቴ ብቻችንን መሄድ ጀመርን፤ እናቴ ለሚጠይቃት ሁሉ እግሩ ከብዶታል ትላለች። እኔ የራሴ መልስ ነበረኝ። ፍርሃቱ ከቃል በላይ ሆኗል፤ በእግዚአብሔር ፊት ትንፍሽ ማለት እንኳ አልደፈረም። በጣም ነበር የምቀናበት።

ዓመቱ ሳይዞር ደረቱን ብርድ መታው። የሚጠጣው ሾርባ ወደማይሆን ቦታ እየሄደ ያንቀዋል፣ ይስላል፣ ትኩሳቱ አልወርድ አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጠራኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ እጆቼን በእጆቹ ያዘ፣ ምንም ጉልበት አልነበረውም። እኔ ደስ ይበለው ብዬ ባለኝ ኃይል ሁሉ አንቀጠቀጥኩለት። አራቱም እጆቻችን አንድ ላይ ብርድ ልብሱ ላይ ተንቀጠቀጡ።

«ይቅር በይኝ» አለኝ።

«ምን አድርገህ አባዬ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ያነጋገረኝ ቀን የለም፤ በሁለተኛው ቀን ሞተ።

እናቴ ወደ ወላጆቿ ከተማ ይዛኝ ሄደች። ከሱቁ የተረፈውን ሁሉ ሰጥታ ወንበሩንና በፎጣ የተጠቀለለውን ምላጭ ብቻ የጭነት መኪና ላይ ጫነች። እጄን ማንቀጥቀጡን ተውኩት፤ የማሳየው ሰው ስላልነበረኝ ይሆናል፣ ተውኩት ብዬም አልተውኩት፣ እንደ ማንኛውም የልጅነት ጨዋታ ተረሳ። ሳድግ የአባቴን ሥራ ያዝኩ። ሴት ፀጉር ቆራጭ ብለው የሳቁ ነበሩ፤ አንገታቸውን ወንበሩ ላይ አጋድመው ምላጩን ሲያዩ መሳቃቸውን ያቆማሉ። እኔም እጄን ግንባራቸው ላይ አሳርፌ የአባቴን ቃል እላለሁ። ዛሬ አባቴ ከሞተበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ያ ነገር እኔንም አልፎኛል።

አክስቴ ባለፈው ክረምት መጣች። ከቀብሩ ወዲህ ተያይተን አናውቅም፤ በየጊዜው በስልክ ደህና ነሽ ወይ እንባባላለን እንጂ ልትጎበኘኝ መጥታ አታውቅም፣ ለምን እንደሆነም ጠይቄ አላውቅም። ሱቄ ገብታ የወንድሟን ወንበር ስታይ እጀታውን ዳሰሰችውና ቀስ ብላ ተቀመጠችበት። አርጅታለች፣ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። ውሃ ጠምቷት ነበር። ከቧንቧው እስከ አፉ ሞልቼ አመጣሁላት፤ ልማድ ሆኖብኝ ሰው ውሃ ሲጠይቀኝ ሞልቼ ነው የማመጣው።

አክስቴ ብርጭቆውን አልተቀበለችኝም። እጄን ታያለች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ከየት እንደማውቀው ግን ወዲያው አልመጣልኝም።

«መቼ ተወሽ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ያ ነገር። በልጅነትሽ የጀመረሽ።»

«እኔን ምንም ጀምሮኝ አያውቅም አክስቴ።»

«አባትሽ በዓይኑ አይቷል። ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ፤ እናትሽ እንዳትሰማ ብሎ ቃል አስገብቶኛል። እኔ እኮ ይኸን ሁሉ ዓመት ያልመጣሁት እንደ እነሱ ሆነሽ እንዳላይሽ ብዬ ነው።»

መስታወቱ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ወንበሩ ላይ ቆሜ፣ ክንዴን አድርቄ፣ አውራ ጣቴን አጥፌ። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ነገርኳት፤ ሰባኪውን፣ ሽንኩርቱን፣ ጸሎቱን፣ ውሃውን። እየነገርኳት ራሴም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ስጨርስ ውጭ መኪና ያልፋል፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይዘፍናል።

ከዚያ እሷ በተራዋ ነገረችኝ። አባቴ አንድ ቀን ግድግዳ እየተደገፈ ቤቷ ድረስ በእግሩ ሄዶ ደጃፏ ላይ ተቀምጧል። የእኔን ተቀብያለሁ ብሏታል፤ አንድም ቀን እግዚአብሔርን ለምን አላልኩትም፤ ልጄን ግን ለምን? ከዚያ ቀን ወዲህ አልጸለየም። የልጄን እጅ እያየሁ እጄን ወደሱ አልዘረጋም አለ። ሰባኪው ሊጠይቀው ቢመጣ እንኳ ተኝቷል አስባለ።

«ታዲያ ከእግዚአብሔር ጋር እንደተጣላ ሞተ ማለት ነው?» አልኳት። ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ተጣልቼዋለሁ አለኝ። አትፈራውም ወይ ብለው፣ እፈራዋለሁ እንጂ አለ። ባልፈራውማ ምላጩን መቼ አስቀምጥ ነበር አለኝ።»

አለቀስኩ። በሱቄ፣ በሥራ ልብሴ፣ በሩ ክፍት ሆኖ። ባልደረሰብኝ ነገር፣ እሱን ልመስል ብዬ ባደረግሁት ጨዋታ፣ አባቴ ከሚወደው አምላኩ ጋር ተኳርፎ ሄደ። ይህን የምነግረው ሰው የለም፤ መስማት የሚገባው እሱ ብቻ ነበር።

አክስቴ ብርጭቆውን ከእጄ ወስዳ መስታወቱ ሥር መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። አልጠጣችም።

«ሌላ አምጪልኝ» አለችኝ።

«ይኸንንም እኮ አልነካሽውም።»

«ለእኔ አይደለም» አለች፣ የወንድሟን ወንበር እጀታ በሁለት እጇ ይዛ። «ሞልተሽ አምጪ። ቀስ ብለሽ ነይ፣ አባትሽ በደንብ ይይሽ።»